ድሮን እናነሳለን

ቡራዩ ውስጥ የሞባይል ዕቃ እሸጣለሁ። ቻርጀር፣ ኢርፎን፣ ፓወር ባንክ፣ የስልክ ሽፋን፤ ስክሪንም እቀይራለሁ። ሱቄ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ነው የሚገበያየው። ወሬዋ ግን ሰፊ ነው። ስክሪኑ እስኪቀየርለት የሚጠብቅ ሰው ከማውራት ሌላ ምን ይሠራል? አንዱ "የዘንድሮ ባትሪ ያብጣል እንጂ አይቆይም" ይላል። ሌላው "ኦርጅናል ነው ወይስ ኦርጅናል ኮፒ?" ብሎ ይጠይቀኛል። ኦርጅናል ኮፒ ምን ማለት እንደሆነ እኔም እስከ ዛሬ አልገባኝም። "ኦርጅናል ኮፒ ነው" ስለው ግን ደስ ብሎት ይከፍላል።

ከስልክ ወደ ጦር መሣሪያ ለመሻገር ደግሞ ጊዜ አይፈጅም። ወሬው ከካሜራ ይነሳና ድሮን ላይ ያርፋል። እዚያ ሲደርስ መድረኩ የእኔ ነበር። የየትኛው አገር ድሮን ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደሚበር፣ ምን እንደሚሸከም፣ የትኛው ታንክ ጭቃ እንደማይበግረው ስተነትን ሰው ሥራውን ትቶ ያዳምጠኛል። ወታደር ሆኜ አላውቅም። በእጄ የገባው ትልቁ መሣሪያ የስልክ መፍቻ ነው። እውቀቴ በሙሉ ከስልኬ ቪዲዮ የተለቀመ ነበር። ያም ሆኖ ሰፈሩ "ጄኔራል" አለኝ፤ እኔም ማዕረጉን ሳላንገራግር ተቀበልኩ።

ይህ ማዕረግ ሰበታ ድረስ ተሰማ። ተወልጄ የተማርኩት እዚያ ነው፤ ከድሮ የክፍል ጓደኞቼ ጋር በስልክ ግሩፕ እንገናኛለን። በክፍላችን ቅጽል ስም የሌለው ሰው የለም። ጉታ ጆሮው ሰፊ ስለሆነ "ራዳር" ነው። አልማዝ ደግሞ ቁመቷ አጭር ሆኖ ሳለ በሰልፍ ላይ ማንም ስለማያስቆማት "ታንክ" ተብላለች። እኔ ብቻ ሳልሰየም ኖሬ፣ አርባን ካለፍኩ በኋላ "ጄኔራል" ተብዬ ተቀላቀልኳቸው።

አንድ ቀን ጉታ ጫንጮ ባለው የአባቱ ቤት እንድንሰበሰብ ጠራን። ምሳ እየበላን የልጅነታችንን ጊዜ ልናወራ ነው። የላከልኝ መልእክት ይህ ነው፦ "ጄኔራል፣ ቅዳሜ ጫንጮ ላይ ድሮን እናነሳለን። ካሜራ እንዳትረሳ። ጋሼን ይዘህ ና።"

አንብቤ ሳቅሁና "ይቻላል" ብዬ መለስኩ። ሌላ ምንም አልታየኝም።

ጋሼ የሚላቸው ጋሽ ወርዶፋን ነው፤ የአማርኛ አስተማሪያችን ነበሩ። ዓይነ ስውር ናቸው። የአፍ መፍቻቸው ኦሮምኛ ነው፤ "አማርኛን እናንተ ከጡት ጋር ጠጣችሁት፤ እኔ ግን በጣቴ ዳስሼ ነው የተማርኩት፤ ስለዚህ የት ጋ እንደሚጎረብጥ አውቃለሁ" ይሉን ነበር። ስናነብ በጆሯቸው ይከተሉናል። የሚጠብቀውን ካላላነው ጠረጴዛውን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ያደርጉና ስማችንን ይጠራሉ። የተጠራ ይቆማል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያው ጥያቄ ነው፦ "'ን' ምን ሠራች?" መልሱንም እንቅልፍ ላይ ሆነን እንኳ እናውቀዋለን፦ "ተሳቢ አደረገች ጋሼ።"

ቅዳሜ ጠዋት የወንድሜን አሮጌ መኪና ተውሼ ሰበታ ሄድኩ። ጋሽ ወርዶፋ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ነጭ በትራቸውን ይዘው በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ መኪናው ውስጥ አስገባቻቸውና በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አለች።

"ደረጄ፣ አባቴን አደራ። ሳይመሽ መልስልኝ።"

"በሰላም እመልሳቸዋለሁ" አልኳት። አደራ ከባድ ነገር እንደሆነ እናውቃለን፤ ግን ጫንጮ ምን ያህል ሩቅ ነው?

መንገዱን በሙሉ ጋሼ ስለ ስልካቸው ሲያማርሩ ነበር። ስልኩ ላይ የተጻፈውን ጮክ ብሎ የሚያነብ የሴት ድምፅ አለ፤ እሳቸው "ይህች ልጅ" ነው የሚሏት።

"ይህች ልጅ የሚጠብቀውን ከሚላላው አትለይም" አሉኝ። "ባለፈው ልጄ 'እራቱ ገና ነው' ብላ ጻፈችልኝ። ይህች ልጅ ደግሞ አጥብቃ 'ገና ነው' አለችኝ። በዓሉ የደረሰ መስሎኝ ዶሮ ላስጠይቅ ተነሳሁ።"

"ቴክኖሎጂው ገና ነው ጋሼ" አልኳቸው።

"የትኛው ገና?" አሉና ብቻቸውን ሳቁ።

እንጦጦን ተሻግረን፣ ሱሉልታ ከተማን አልፈን ትንሽ እንደሄድን መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሮ አገኘን። ፍተሻ ነው። የዚያን ሰሞን የፀጥታው ነገር ጠበቅ ያለ ስለነበር ስልክም ይታይ ነበር። ከፊታችን ሚኒባሶችና ሳር የጫነ ጭነት መኪና ተሰልፈዋል። ከመንገዱ ዳር ካለች ትንሽ ሱቅ ደጃፍ ጀነሬተር ያጓራል፤ መብራት ጠፍቷል ማለት ነው። ንፋሱ ይቆርጣል።

ተራችን ደረሰና ወረድኩ። የፈታሾቹ አለቃ ቀጭን፣ በእኔ ዕድሜ የሚሆን፣ አንገቱ ላይ ፎጣ የጠመጠመ ሰው ነው። መጀመሪያ ቦርሳዬን ከፈተ። ለጓደኞቼ በስጦታ የያዝኳቸውን ፓወር ባንኮች፣ የተጠቀለሉ ገመዶችና ከካሜራው ማቆሚያ ጋር የሚመጣውን ትንሽ ሪሞት በየተራ አወጣ።

"ይህ የምን ሪሞት ነው?"

"የፎቶ ነው። ከሩቅ ሆነህ ስትጫነው ካሜራው ያነሳል።"

"ከሩቅ" አለና ኪሱ ከተተው። "ስልክህን ክፈተው።"

ከፈትኩለት። የምደብቀው ነገር ስላልነበረኝ አልፈራሁም። መጀመሪያ የከፈተው ቪዲዮዎቹን ነው። ድሮን፣ ታንክ፣ ድሮን፣ ሚሳኤል፣ ድሮን። አንዱን ነካው፤ ከስልኬ የሚያስጨፍር ሙዚቃ ወጣ። ወዲያው ዘጋው። ያኔ ሱቁ ደጃፍ ያለው ጀነሬተር ጠፍቶ እንደገና ተነሳ። ሰውየው ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። እኔም አየሁ፤ ምንም የለም። ዝናብ የሚመጣ መስሎት ይሆናል አልኩ በሆዴ።

ከዚያ መልእክቶቹን ከፈተ። ጣቱ ሲንሸራተት ቆየና ቆመ። ፊቱ ተለወጠ።

"ጄኔራል ማነው?" አለኝ።

"እኔ ነኝ። ማለቴ... ቅጽል ስሜ ነው።"

"'ጄኔራል፣ ቅዳሜ ጫንጮ ላይ ድሮን እናነሳለን።' ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?"

"ቅዳሜ።"

"የላከው ማነው? ራዳር ይላል እዚህ።"

ያኔ ነው የገባኝ። እንደ ጋሼ አባባል ጎርባጣው ቦታ ላይ እግሬን ጣልኩ። አንዷ ቃል ሁለት ናት፤ ሲጽፏት አንድ ናት።

"ወንድሜ፣ ተሳስተሃል" አልኩት። "ድሮን ያለው ድሮን ነው እንጂ ድሮን አይደለም።"

ይህን ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ሰውየው አፈጠጠብኝ።

"ምን?"

"ማለቴ... ሰው የሚያነሳው ድሮን አለ፣ የሚበር ድሮን አለ። እኛ የማይበረውን..."

"ዝም በል።" ወደ ጓደኞቹ ዞረ። "መኪናዋን ዳር አስይዟት። ለእነዚህ መኪና ይምጣ በሏቸው።"

አንዱ በሬዲዮ ተናገረ። አለቃው ጎንበስ ብሎ መኪናው ውስጥ የተቀመጡትን ጋሽ ወርዶፋን አየ።

"'ጋሼን ይዘህ ና' ይላል። ጋሼ እኚህ ናቸው?"

"አስተማሪያችን ናቸው። የጓደኞቼ ምሳ ላይ ልወስዳቸው ነው። እባክህ፣ እሳቸውን እንኳ..."

"እዚያ ታስረዳለህ።"

"እዚያ ታስረዳለህ" የሚለውን ቃል የሚያውቅ ያውቀዋል። "እዚያ" የት እንደሆነ አይነገርህም፤ መቼ እንደምታስረዳም አይታወቅም። ለራሴ ብፈራም ለራሴ ያን ያህል አልነበረም። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ዓይነ ስውር ሰው፣ ልጃቸው በአደራ ሰጥታኝ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር፣ ወደማያውቁት ቤት ሊወሰዱ ነው። እኔን ነጥለው ቢወስዱኝ በማን ክንድ ይሄዳሉ? የማየት ሥራቸው የእኔ ነበር፤ እኔ ደግሞ ዓይኔ እያየ ነበር ይዣቸው የገባሁት።

ከሱሉልታ በኩል ያለውን መንገድ ደጋግሜ አያለሁ። መኪና በመጣ ቁጥር እኛን ሊወስድ የመጣው ይመስለኛል፤ ሲያልፍ እተነፍሳለሁ።

ጋሽ ወርዶፋ በሩን ራሳቸው ከፍተው ወረዱ። አንድ እጃቸውን መኪናው ጣሪያ ላይ አድርገው ቆሙ።

"አካም ጅርቱ፣ ልጄ" አሉ በኦሮምኛ፣ ሰውየው ወዳለበት ዞረው።

"ናጋዳ፣ አባቴ" አለ። ሰላምታ ነውና መመለሱ አልቀረም። "ይግቡና ይቀመጡ፣ ብርድ ነው።"

"እቀመጣለሁ። ቃሉን ግን አንድ ጊዜ አንብብልኝ።"

አነበበላቸው። ጋሼ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ፤ ክፍል ውስጥ እንደዚያ ነበር የሚያዳምጡን።

"እንደዚህች ልጅ ነው ያነበብከው" አሉ ስልካቸውን ኪሳቸው ውስጥ እየዳሰሱ። "ቃሉ ሁለት ነው ልጄ። አንዱ ከውጭ የመጣው ነው፣ የሚበረው። ሌላው የእኛው ድሮ ነው፣ ድሮና ዘንድሮ የምንለው። 'ን' ስትጨመርበት ይመሳሰላሉ። ማንሳትም ሁለት ነው፤ ዕቃ ይነሳል፣ ወሬም ይነሳል።"

ሰውየው መልእክቱን ደግሞ አነበበው። ያመናቸው መስሎኝ ነበር።

"አባቴ፣ አስተማሪ መሆንዎ ያስታውቃል" አለ። "ግን እኔ እዚህ የቆምኩት ሰዋስው ላርም አይደለም። ተሳስቼ ባሳልፋችሁና ቃሉ የሚበረው ቢሆን ማን ይጠየቃል? ስልኩ ውስጥ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ድሮን ነው።"

ልክ ነው። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ራሴን አላምንም ነበር።

"እንግዲያው ለጻፈው ሰው ይደወልለት" አሉ ጋሼ። "ምንም ሳይነገረው ይጠየቅ። ማለት የፈለገውን የሚያውቅ የጻፈው ነው።"

ሰውየው አሰበበትና ወደ እኔ ዞረ። "አንተ ትደውላለህ። ድምፁን ከፍተህ። 'ድሮን ስንት ሰዓት ነው የምናነሳው' ትላለህ፤ ሌላ አንዲት ቃል ብትጨምር ነገሩ አለቀ።"

ጋሼ መልካም ያሰቡ መስሏቸዋል፤ እኔ ግን ፈራሁ። ጉታን እሳቸው እንደ ተማሪ ነው የሚያውቁት። እኔ ስደውልለት ከጦር ሜዳ ወሬ ውጭ አናግሮኝ አያውቅም። አንድ ቀን በቁም ነገር እንዲያወራ ፈጣሪዬን ለመንኩት።

ደወልኩ። ኔትወርክ የለም። እንደገና ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተነሳ።

"ድሮን ስንት ሰዓት ነው የምናነሳው?" አልኩ።

"ኧረ ጄኔራል" አለ ጉታ፤ ድምፁ ከስልኩ አልፎ አስፋልቱ ላይ ተሰማ። "ታንክ ከደረሰች ቆየች፤ ሞተሯ ግሏል። የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ። እንደደረስክ ድሮን እናነሳለን፣ ጫንጮን እናናውጣታለን።"

አጠገባችን የቆመው ፈታሽ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። አለቃው ስልኩን ሊነጥቀኝ እጁን ሰደደ። በሱሉልታ በኩል አንድ ፒክአፕ መኪና ብቅ ሲል አየሁት።

ኳ ኳ።

ጋሽ ወርዶፋ የመኪናውን ጣሪያ በጣታቸው አንጓ መቱ።

"ጉታ" አሉ።

ስልኩ ጸጥ አለ። የሰውየው እጅም መንገድ ላይ ቆመ።

"ጋ... ጋሼ?"

"ተነስ።"

በስልኩ ውስጥ ወንበር ሲንቀጫቀጭ ሰማን። የሦስት ልጆች አባት የሆነው ጉታ፣ ጫንጮ ላይ፣ በገዛ አባቱ ቤት ተነስቶ ቆመ።

"ተነስቻለሁ ጋሼ።"

"ለደረጄ በጻፍከው ላይ 'ን' ምን ሠራች?"

"ተሳቢ አደረገች ጋሼ።" አፍታም አልቆየ።

"ማንን?"

"ድሮ የሚለውን ቃል።"

"ድሮ ማለት ምን ማለት ነው?"

"ያለፈ ጊዜ ጋሼ። እኛ ልጆች ሆነን፣ እርስዎ ሲያስተምሩን..." ቆመና ድምፁ ቀጠነ። "ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?"

ከኋላው የሴት ሳቅ ተሰማ። "ማን ነው ያስቆመህ? ጋሼ ናቸው? ጋሼ፣ እኔ አልማዝ ነኝ፣ ታንክ። ኧረ ምሳው ቀዘቀዘ፣ ቶሎ በሉ።"

አለቃው ስልኩን ከእጄ ወሰደና ዘጋው። አልሳቀም። ጠመንጃውን ላወረደው ሰውዬ ግን በእጁ ምልክት ሰጠው፤ መልሶ ትከሻው ላይ አደረገው። ፒክአፑም ደረሰ፤ የእኛ ነገር አልነበረም፤ የወተት ጣሳ ጭኖ አለፈን።

"ተሳቢ" አለ ሰውየው ለራሱ። "እኛንም አስተማሪያችን እንዲሁ ያስቆሙን ነበር።" ከዚያ ለጓደኛው "መኪናው ይቅር በላቸው" አለና ጋሼን ክንዳቸውን ይዞ ራሱ መቀመጫቸው ላይ አስቀመጣቸው። "ብርድ ላይ አቆምኩዎት፣ ይቅር ይበሉኝ አባቴ።"

"ሥራህን ነው የሠራኸው። ገለቶማ" ብለው አመሰገኑት።

ሪሞቱን መለሰልኝ። ስልኩን ግን አልለቀቀውም። እኔ ነፍሴ ተመልሳ፣ እግሬ ለመሄድ ይቁነጠነጣል፤ እሱ ወደ ቪዲዮዎቹ ተመልሷል።

"ይህን ሁሉ የምታየው ለምንድን ነው?" አለኝ። የፈታሽ አጠያየቅ አልነበረም።

"እንዲሁ ነው" አልኩት። "ሱቅ ውስጥ ለጨዋታ።"

"የሚበረውን ድሮን ድምፁን ሰምተኸው ታውቃለህ?"

"በአካል አልሰማሁም።"

"እዚህ ላይ ሙዚቃ አድርገውበታል" አለ።

ያን ጊዜ ሱቁ ደጃፍ ያለው ጀነሬተር አሁንም ጠፍቶ ተነሳ። ሰውየው ቃሉን አቋርጦ ቀና አለ። ዓይኖቹ ሰማዩን ከዳር ዳር ፈተሹት። ፎጣውን የያዘው እጁ ተጨብጦ ነበር። ጀነሬተር መሆኑን እያወቀ ነው የሚያየው፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲጮህ አጠገቡ ነው የዋለው። ከዚያ ፊቱን አወረደና ስልኩን ሰጠኝ። ይህን የሚመስለውን የድሮን ድምፅ የት ሰምቶት እንደነበር፣ ማን አጠገቡ እንደነበረ አልጠየቅኩትም። እሱም አልነገረኝም።

"መልካም መንገድ፣ ጄኔራል" አለኝ። ሊያሾፍብኝ አልነበረም፤ አፉ ላይ የመጣለትን ነው። እኔ ግን መሬት ገባሁ።

መኪናውን አስነስቼ ብዙ ከሄድን በኋላ ጋሽ ወርዶፋ ተናገሩ።

"ጀነሬተሩ በተነሳ ቁጥር ትንፋሹን ይይዝ ነበር። ፊቱ ምን ይመስል ነበር?"

"ሰማይ ሰማይ ያያል ጋሼ።"

"አዬ ልጄን" አሉ፤ ሰውየውን ማለታቸው ነው።

ጫንጮ ላይ በልተናል፣ ስቀናል። ጉታ ተነስቶ የቆመበትን አልማዝ ደጋግማ እየተረከች በሳቅ አፈረሰችን። ድሮንም እንደ ዕቅዳችን አንስተናል። ጋሼን ሳይመሽ ሰበታ መልሼ ለልጃቸው አስረከብኳቸው። "እንዴት ነበር?" አለችኝ፤ ያለፍንበትን ሳልነግራት "ጥሩ ነበር" አልኳት። ጋሼ ግን በሩ ላይ ሆነው እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙኝ፤ ቶሎ አለቀቁኝም።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ "ከዚያ ወዲህ ስለ ጦር መሣሪያ ማየት ተውክ?" ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ቪዲዮዎቹን የዚያኑ ቀን ማታ ከፈትኳቸው። ሙዚቃውን ዘግቼ አየኋቸው። ያለ ሙዚቃ እስከ መጨረሻው ያየሁት አንድም የለም። ምስሉ ያው ነው፤ እኔ ግን ከታች ያለውን ሳር ቤት ማየት ጀመርኩ። ስንት ጊዜ ያየሁት ቪዲዮ ላይ ቤት እንደነበረ አላውቅም ነበር። ደነገጥኩ፣ አፈርኩም። ደመሰስኳቸው።

ሱቄ ውስጥ ወሬው ዛሬም አለ። ሰው አስተያየት አይከለከልም፤ የባትሪውንም የታንኩንም ያወራል። "ጄኔራል፣ የቱ ድሮን ይሻላል?" ሲሉኝ "ሠርግ የሚቀርጸው ይሻላል" ብዬ ወደ ስክሪኔ እመለሳለሁ። ተንታኝ አጣን ብለው ያኮረፉ ደንበኞችም አሉኝ።

አንድ ልማድ ግን አመጣሁ። ቡራዩ መብራት እንደሚጠፋ ታውቃላችሁ፤ እኔም ደጄ ላይ ጀነሬተር አለኝ። ገመዱን ከመሳቤ በፊት ብቅ ብዬ "ጀነሬተር ላስነሳ ነው" እላለሁ። ለማን እንደምናገር አላውቅም፤ በመንገዱ ላይ ማን ከየት መጥቶ እንደሚያልፍ በምን ይታወቃል? ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፣ ከዚያ ሳቁብኝ፣ በኋላ ማዕረጌን ገፈው ስሜን "ጀነሬተር" አሉት። ይሁን፤ ወድጄዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፋ። አንዲት ጥቁር የለበሱ እናት፣ ከሩቅ የመጡ የሚመስሉ፣ የልጃቸውን ስልክ ሊያሠሩ ደጄ ቆመው ነበር። እንደ ልማዴ "ጀነሬተር ላስነሳ ነው እማማ" አልኳቸው። ደንበኞቼ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። ዓይን ዓይኔን አዩኝና ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ያዙ።

"እግዜር ይስጥህ ልጄ" አሉኝ። "አሁን አስነሳው።"